የሐሙስ ድንች

ሮማ፣ የካቲት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽ እታለሜ ወሰንየለሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ባለቤትሽ ጋሽ ተክሉ የእኔንስ ማን ይስምልኛል ብሎ ካኮረፈ ሰላምታዬ በእጅ ይሁንለት። እኔ ደህና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሰነፍ ነህ ብለሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አንብቤ ደጋግሜ አምኛለሁ።

የምግብ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው የኮምፒዩተር ኩባንያ ውስጥ ምን ይሠራል ማለትሽ ትክክል ነው፤ እኔም ስቀጠር ይኸንኑ ነው የጠየቅኩት። ኩባንያችን ትልቅ ነው። እዚህ አገር ሆስፒታል ብትገቢ፣ ባንክ ብትገቢ፣ ጥግ ላይ ቆሞ የሚያጉረመርመው የኮምፒዩተር መኪና የእሱ ነው። አሁን ደግሞ በየአደባባዩ የሚከፈቱት የሀምበርገር ቤቶች የገንዘብ መቀበያ መኪናቸውን ከእሱ ይከራያሉ። ሀምበርገር የሚሉት በዳቦ መካከል የገባ የተፈጨ ሥጋ ነው፤ ቆመሽ ታዢያለሽ፣ ቆመሽ ትቀበያለሽ፣ ወሬ ሳትጀምሪ ያልቃል። መኪናው ሒሳቡን ይደምራል። እኔ ደግሞ እያንዳንዱ ምግብ ከምን እንደተሠራ፣ ስቡን፣ ጨውንና ስኳሩን የሚናገር ሰንጠረዥ እሞላለታለሁ። ያ ሰንጠረዥ ትሪው ላይ በሚነጠፈው ወረቀት ይታተማል። ብዙው ሰው ሳያነበው ኬቻፕ ያፈስበታል፤ ቢሆንም ወንድምሽ በየቀኑ ይታተማል ብለሽ ለጎረቤት መናገር ትችያለሽ።

አለቃህ ለምን ተጨነቀ ላልሽው፣ ነገሩ ክስ ነው። እኔ በምኖርበት በቶር ፒኛታራ ሰፈር፣ ከጋራዥ ጀርባ ሁለት ወንድማማቾች ትንሽ መሥሪያ ቤት አላቸው። የራሳቸውን የምግብ ሰንጠረዥ ሠርተዋል። ነገር ግን የእኛን መኪና የተከራየ ሁሉ የእኛን ሰንጠረዥ ብቻ እንዲጠቀም ውሉ ያስገድደዋል፤ መኪናው ደግሞ የሁሉም ቤት የእኛ ነው። ወንድማማቾቹ ገበያውን ዘግታችሁብናል ብለው ብራስልስ፣ የአውሮፓ የጋራ ገበያ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄደው ከሰሱ። መርማሪዎች ይመጣሉ ስለተባለ አለቃዬ ዶቶር ፋብሪ በየቀኑ ከረባት ያስራል።

ጓደኛሽ እትዬ እልፍነሽ ደህና ናቸው፤ አንቺንና የጽዋ ማኅበራችሁን ሳያነሱ አይውሉም። አሁንም ያቺን አሮጊት ሲኞራ ይጦራሉ። ትናንት ሐሙስ ስለነበር አብረን ዋልን። የቤት ሠራተኛ ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነው፤ ግን የት ይቀመጣል? ባር ውስጥ ወንበር ሲይዙ ዋጋው እጥፍ ነው፣ መናፈሻው በዚህ ወር ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ እትዬ እልፍነሽ፣ ትበርህና ልዕልቲ የምትባለው ትንሽ ልጅ የሀምበርገር ቤቱን አግኝተውታል። ይሞቃል፣ ማንም ተነሱ አይልም፣ አንድ ከረጢት የተጠበሰ ድንች ይዞ እስከ ማታ መቀመጥ ይቻላል። በየአሠሪዎቻቸው ጓዳ ቅቤና ፎርማጆ የሚሉት አይብ ያልነካው ነገር ስለማይገኝ ጾሙን በደረቅ ዳቦ ነበር የሚገፉት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እትዬ እልፍነሽ ከረጢቱን ከመንካታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

«አምኃዬ፣ የምግብ ሊቁ አንተ ነህ። ይኼ ድንች የጾም ነው?»

ወረቀቱን ከትሪው አንሥቼ እንደ ዲያቆን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ ድንች፣ የአትክልት ዘይት፣ ጨው። «የጾም ነው፤ ይህን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ» አልኩ። አማትበው በሉ። እኔም በላሁ። ልዕልቲ «እንዴት ይጣፍጣል በእናታችሁ፣ ቅቤ የገባበት ይመስላል» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ይህን ያህል ስለ ድንች ከጻፍኩ በኋላ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ወንድምሽ አምኃ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 1 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምኃ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ፤ ፖስታው ትንሽ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፎ ነው የመጣው፤ መንገድ ላይ ተንገላቶ ይሆናል። ጋሽ ተክሉ ሰላምታው በእጅ ይሁን ማለትህን ሰምቶ ሁለት ቀን ሲስቅ ሰነበተ። ጉልበቱ ተሽሎታል።

የኩባንያህን ነገር አልገባሽም ይሆናል ብለህ ካብራራህልኝ፣ የት እንደምሠራ ረስተኸዋል ማለት ነው። የቀበሌ ሱቅ ነው የምሠራው። እዚህ ቀበሌ ያለው ሱቅ አንድ ነው። ሳሙናው ሳሙና ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቅስ የት ሄዶ ሌላ ሊያመጣ? ይህን የምለው ሱቃችንን ለማመስገን ነው። ሰልፉም ቢሆን ሥርዓት ያለው ነው።

ይልቅስ ዘይት ካነሳህ አይቀር፣ ያ ሰንጠረዥ የምትለው ውስጥ ያለውን አንተ በዓይንህ እያየህ ነው የምትሞላው ወይስ ነግረውህ? ለነገር አይደለም። ሱቃችን ባለፈው ወር የመጣው ዘይት ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ሆኖ ሴቶቹ እኔን ሲሰድቡኝ ዋሉ። እኔ ምን አውቄ፣ የተጻፈውን ነው ያነበብኩላቸው። ቤቴ ስገባ ግን አፈርኩ። የእኔ አፍ ነው የተናገረው።

እልፌን ሳምልኝ። ያ ድንች ተስማምቷት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ እሷ ጾም ሲገባ እንደ ክር ነው የምትቀጥነው። አንተንም ከእሷ ሳትለይ ማየቴ የእማዬን ነፍስ የሚያስደስት ነገር ነው። ፔርሜሶ የምትለውን የመኖሪያ ወረቀት አሳደስክ ወይ? በዚህኛው ደብዳቤ አልነካኸውም።

እኅትህ ወሰንየለሽ


ሮማ፣ መጋቢት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣

ደህና ነኝ። ሥራ ስለበዛ አጭር ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ።

ፔርሜሶዬ ሰኔ ላይ ያልቃል። የሚታደሰው ኩባንያው ኮንትራቴን ካደሰልኝ ነው። ካላደሰልኝ የት እንደምሄድ አንቺም ታውቂያለሽ፤ እዚህ ለትምህርት መጥቼ የመመለሻ ቀኔን ካሳለፍኩ በኋላ እናንተ ጋ ተመለስኩ ብል የሚቀበለኝ ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም።

ሰንጠረዡን ላልሽው፣ የድንቹን የሞላሁት ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ዶቶር ፋብሪ የሰጠኝን ከድሮው ገለበጥኩ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው። ባለፈው ቅዳሜ ግን መኪናው ውስጥ ያለው ሰንጠረዥ ተበላሽቷል ተብዬ ከቅርንጫፎቹ የአንዱ ጓዳ ገብቼ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ትናንት ሐሙስ ከነእትዬ እልፍነሽ ጋር ነበርኩ። ሆዴን ስላመመኝ አልበላሁም። እነሱ ተጫወቱ። ለአንቺ ሰላም ብለዋል።

አምኃ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምኃ፣

አንተ ተደባቂ! ሆዴን አመመኝ ትለኛለህ? የእልፌ ደብዳቤ ከአንተው ቀድሞ ትናንት ገባ፤ ምሥጢርህን ሁሉ አወጣችው።

ቃሏን ልገልብጥልህ፤ «ወሰንዬ፣ ወንድምሽን እግዚአብሔር ጎበኘው። መጀመሪያ ሐሙስ ከኛ ጋር ድንች በልቶ ነበር። አሁን ግን አይነካውም። ከኛ ጋር ይቀመጣል፣ ያጫውተናል፣ ውሃ ያመጣልናል፣ እሱ ግን አንዲት አያነሣም። ስጠይቀው አሞኝ ነው ይላል፤ እኔ ግን አወቅኩበት። ልጁ የቅባት ሽታ እንኳን ትቶ አጥብቆ እየጾመ ነው፣ እንዳይታወቅበት ነው። እኔ እንኳን በዚህ ዕድሜዬ ድንቹን መተው አቅቶኝ አፍሬአለሁ።»

ይህን ሳነብ አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። ሮማ የሄደ ልጅ ክርስትናውን ባቡር ጣቢያ ይጥላል ሲሉ ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። ዛሬ እሁድ ማኅበር ስለነበረን ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እትዬ ፀሐይ እልል አሉ። ስምህን አንሥተው ጸለዩልህ፤ ሁሉም ሰላም ብለውሃል፣ ከዚህ በኋላ በየወሩ ስምህ ይነሣል።

እልፌ ደግሞ ለፋሲካ ልትቆርብ ነው። ከአገር ከወጣች ወዲህ ቆርባ አታውቅም፤ አንድ ዓመት ጾሙ ይጎድላል፣ አንድ ዓመት ካህን ይጎድላል። ዘንድሮ ግን ሁለቱም ሞሉልኝ ትላለች። «ጾሙን አንድ ቀን ሳላጎድል እዚህ ደርሻለሁ፣ ድንቹ ባይኖር አልችለውም ነበር» ትላለች። ለዚያም አንተን ታመሰግናለች።

ጓዳ ውስጥ ያየኸውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ ብለህ ነበር። ምንድን ነው?

እኅትህ


ሮማ፣ መጋቢት 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይህን ደብዳቤ ሙሉአለም ናት የምታመጣልሽ። ምግብና እርሻ ድርጅት የምትሠራ ልጅ ናት፣ ለሥራ እዚያ ትመጣለች፤ በእጅሽ ትሰጥሻለች፣ መልስሽንም ትቀበልሻለች። ስለዚህ በፕላስተር አይለጠፍም።

እታለሜ፣ ያን ደብዳቤ ለማኅበሩ ማንበብሽን ሳውቅ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። እኔ ጿሚ አይደለሁም። ያየሁትን ልንገርሽ።

ቅዳሜ ዕለት ጓዳው ውስጥ መኪናውን ስፈትሽ ጠባሹ ልጅ ካርቶን ከፈተ። ከውስጡ ነጭ፣ እንደ ሳሙና የደረቀ ነገር አውጥቶ በቢላ እየቆረጠ ድንቹ የሚጠበስበት ውስጥ ጣለ። ዘይት እንደዚያ አይረጋም። ልጁን ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። የበሬ ሞራ ነው። በእጄ ነካሁት፣ አሸተትኩት፤ ስንት ዓመት የተማርኩት ይኸን ለማወቅ ነው።

ሰኞ ዶቶር ፋብሪ ቢሮ ገባሁ። የድንቹ መስመር ስሕተት ነው፣ ላርመው አልኩ። በሩን ዘጋው። ሊቆጣኝ እንኳ አልሞከረም፤ በትሕትና ነው ያስረዳኝ። ለካስ የሁለቱ ወንድማማቾች ሰንጠረዥ ላይ የበሬ ሞራ ተብሎ ተጽፏል። ክሳቸውም እሱ ነው፤ ሰዎቹ ትክክለኛውን እንዳያዩ በውል አስረዋል፣ አገሩን ሁሉ የተሳሳተ ሰንጠረዥ አስይዘዋል የሚል። እኛ አሁን ብናርም አዎ ጥፋተኛ ነን ማለታችን ነው። «አሎራ፣ እንግዲህ አምኃ፣ ብራስልሶቹ እስኪሄዱ አንድም ፊደል አይነካም። ላ ቱዋ ፍርማ ነው ያለው» አለኝ፤ ያንተ ፊርማ ነው ማለቱ ነው። ቀጥሎ ስለ ሰኔ አነሣ፣ ስለ ኮንትራቴ። ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገባኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ ይሁን ብዬ ወጣሁ። እንዴት ቀላል ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር አብሬአቸው ተቀምጫለሁ። ብቀር ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። ብሄድ ደግሞ ያው ነው። ድንቹን አልነካሁም፤ ቤቴም ብሆን ቅባት የነካው ነገር አፌ አልገባም። ጾም ሆኖ አይደለም፣ ያ ካርቶን ከዓይኔ ስላልጠፋ ነው። እትዬ እልፍነሽ ግን ያንን አይተው ቅዱስ አደረጉኝ። ባለፈው ሐሙስ ለትበርህና ለልዕልቲ «ከእሱ ተማሩ» ሲሉ ሰማሁ። ዝም አልኩ። ልዕልቲ ከረጢቷን ገፋ አድርጋ መብላት ጀምራ የነበረውን ስትተው እንኳ ዝም አልኩ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ አንዷ ቢያንስ ተረፈች ብዬ። ከዚያ ራቧን ቻል ማድረግ አቅቷት መልሳ አነሣችው።

ፋሲካ ሲያልፍ ልነግራቸው አስቤ ነበር። ሳያውቁ ቢቆርቡ ምን ይጎዳቸዋል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ሰነበትኩ። ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ ግን ያ ማጽናኛ አልሠራ አለኝ። በሥጋና ደሙ ፊት ሊቆሙ የእኔን ቃል ተደግፈው ነው የሚሄዱት።

ምን ላድርግ? ብናገር ሥራዬ ያልቃል፣ ፔርሜሶዬም አብሮ። ብዙ አትቆጪ።

አምኃ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

አምኃ፣

ልጅቷ ነገ ጧት ስለምትበር እየጠበቀችኝ ነው የምጽፈው። ሰላምታ የለም፤ ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።

አትቆጪ ብለኸኛል። እሺ። አልቆጣም። አፍሬአለሁ። እልል ባሰኘሁበት አፌ አፍሬአለሁ። ለማኅበሩ ያነበብኩትን እኔው ራሴ አስተባብለዋለሁ፤ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ገና አላወቅኩም።

ፔርሜሶህ ቢቃጠል ቤትህ እዚህ አለልህ ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር። ልጽፈው አልችልም። ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ምንም የማካክስልህ ነገር የለኝም። እንዲያው ባዶ እጄን ነው የማዝህ፤ ንገራት።

አንተ ብቻህን ስታለቅስ ያደርክበት ቤት ውስጥ፣ እማዬ የሞተች ሰሞን፣ እልፌ ናት አጠገብህ የተኛችው። እኔ ልቅሶ ቤት ነበርኩ። ይህን ያነሣሁት ልቤን እንዳይከብደኝ እንጂ ውለታ ለማስቆጠር አይደለም።

ሕማማት ሳይወጣ ንገራት። ደብዳቤ እንዳትጽፍላት፤ ሄደህ፣ ፊቷን እያየህ። ከሐሙስ አታሳልፍ።

ወሰንየለሽ


ሮማ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣

ከፋሲካ ወዲህ ለሙሉአለም የላክሽላትን ጥያቄ በስልክ አንብባልኛለች፤ ነገርካት ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ነግሬአቸዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ሁሉንም ጻፍልኝ ስላልሽ ይኸው።

ጸሎተ ሐሙስ ነበር። እትዬ እልፍነሽ ከሲኞራይቱ ጓዳ ባቄላና ስንዴ ቀቅለው ጉልባኑን በማርመላታ ብልቃጥ ይዘው መጡ። ወንበር ለመያዝ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ድንቹ ታዘዘ። ከረጢቱ መሐል ላይ ቁጭ ብሏል፤ ጾም የሚፈታበት ሰዓት ገና ነበር። አሁን ካልተናገርኩ አልናገርም ብዬ ተናገርኩ። ድንቹ የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነው፣ የጾም አይደለም፣ ወረቀቱ ውሸት ነው፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ አልኩ።

ትበርህ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ልዕልቲ ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች፣ ብዙ ቆየች። እትዬ እልፍነሽ ብልቃጡን መልሰው ከደኑት።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«መጋቢት መጀመሪያ ላይ።»

«እንግዲያ እኛ በየሐሙሱ ስንበላ፣ አንተ ይቺ ወንበር ላይ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ባለፈው ጨው አነሰው ስልህ፣ ሄደህ ጨው አምጥተህልኛል።»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ለምን እንኳ አላሉም። ስለ ኮንትራቴ፣ ስለ ፔርሜሶዬ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ማንም ሳይፈልገው አፌ ውስጥ ቀረ። ሦስቱም ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። የሐሙስ ዕረፍታቸው ገና አላለቀም ነበር፣ ዝናብም ይዘንብ ነበር፤ የት እንደሄዱ አላውቅም። ትሪውን የመለስኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ለምርመራው የመጡት ብራስልሶች ወዳረፉበት ሆቴል ሄጄ ያየሁትንና የተባልኩትን ነገርኳቸው። ጀግንነት እንዳይመስልሽ። እትዬ እልፍነሽ ፊት ከተናገርኩ በኋላ የቀረው ሁሉ ቀላል ነበር። በትሕትና አዳመጡኝ፣ ነገሩ ዓመታት ይወስዳል አሉኝ። ኩባንያው ግን እኔን ለማባረር ዓመታት አልወሰደበትም፤ ጠረጴዛዬን የተረከበኝ የበሩ ዘበኛ ነው። እዚህ በጋ የሚሆንበትን ክረምቱን ኦስቲያ በሚባል የባሕር ዳርቻ የፀሐይ ጃንጥላና ወንበር የምሸከምበት ሥራ አግኝቻለሁ፤ ለፔርሜሶ የሚሆን ወረቀት አይሰጥም። ትናንት በሀምበርገር ቤቱ በር ሳልፍ በመስኮት አየሁ። ወረቀቱ አሁንም ትሪው ላይ አለ፤ ድንች፣ የአትክልት ዘይት፣ ጨው።

አሁን ፋሲካን ልንገርሽ፤ እስከ አሁን ያዘገየሁት እሱን ነው።

ዘንድሮ የፈረንጆቹም ፋሲካ በዚያው እሁድ ስለዋለ፣ የሚያውሱን ቤተ ክርስቲያን ለራሳቸው ሆነ። ለእኛ የደረሰን ጎኑ ላይ ያለው አዳራሽ ነው፤ እሱንም ጣሊያኖቹ ሳይመጡ ጨርሱ ተባለ። ጎሕ ሲቀድ ሄድኩ። እትዬ እልፍነሽ ነጠላቸውን እንደ ቆራቢ አልለበሱትም፣ በሩ አጠገብ ከነትበርህ ጋር ቆመዋል። ካህኑ አባ ገብረሃና እትዬ እልፍነሽ እንደማይቆርቡ ሰምተው ሊያነጋግሯቸው ወጡ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

«ሳታውቁ የሆነ ነው፤ ንስሐ ገብታችሁ ቅረቡ» አሏቸው።

«ዘንድሮ ይለፈኝ አባቴ። አፌ ያውቀዋል።»

«ለመሆኑ ማን ነው የጾም ነው ብሎ የነገራችሁ?»

እዚያ ቆሜ ነበር፣ እታለሜ። እትዬ እልፍነሽ ዞር ብለው አላዩኝም።

«ወረቀት ላይ ተጽፎ ነው» አሉ።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ እስኪመጣልኝ አባ ገብረሃና ገቡ። ይህንንም ዝም ብዬ አሳለፍኩት፤ ሁሉንም ጻፍልኝ ስላልሽ ነው የምጽፈው።

ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል፣ ቆራቢዎች ይቅረቡ ሲባል፣ ያን ጊዜ ነው እትዬ እልፍነሽ ወደ እኔ የዞሩት።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ከእናንተ ጋር ልቁም ብዬ ነው።»

«ለምን? እኛ እስከ መጨረሻው ሳምንት በላን። አንተ ከመጋቢት ጀምረህ ጠብቀሃል። ከሁላችን ጾም የያዝከው አንተ ነህ። ግባና ቁረብ።»

ስድብ ቢሆን እችለው ነበር። የምራቸውን ነው። እጄን ይዘው ወደ በሩ ገፋ አደረጉኝ፣ እንዳልፍም ትበርህን ዞር በይለት አሏት። ትበርህ ዞር አለችልኝ።

ለጋሽ ተክሉና ለልጆቹ ሰላም በዪልኝ። ለማኅበሩ ግን ሰላምታ አታድርሺ። ስሜንም ከጸሎታቸው ያውጡት።

አምኃ